መርከቡን እያየሁት ተመለስኩ

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 2፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ስለ ጀልባና ስለ ዋና ስትጨዋወቱ ለረጅም ጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የሆዴን ልናገርና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

የምሠራው በጭነት መርከብ ላይ በኤሌክትሪክ ክፍል ነው። ባለፈው ወር ውሌን ጨርሼ ስወርድ በቀጥታ ወደ ሐዋሳ አልመጣሁም። ለሦስት ዓመት ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምኩለት ጉዳይ ነበረኝና ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ስካፓ ፍሎው ሄድኩ። በሲሊንደር አየር እየተነፈሱ መጥለቅን የተማርኩት ጅቡቲ ነው። እስከዚያ ቀን 41 ጊዜ ጠልቄ ነበር፤ ሁሉም ግን እንደ ገላ መታጠቢያ በሞቀ ባሕር ውስጥ።

ስካፓ ፍሎው በኦርክኒ ደሴቶች የተከበበ ሰፊ የተፈጥሮ ወደብ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ሲቆም 74 የጀርመን የጦር መርከቦች በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር እዚያ እንዲቆሙ ተደረገ። ለሰባት ወር ያህል እጣ ፈንታቸውን ሲጠብቁ ቆዩ። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1919 አዛዡ አድሚራል ሉድቪግ ፎን ሮይተር መርከቦቹ በጠላት እጅ ከሚወድቁ ይስጠሙ ብሎ ምልክት ሰጠ። መርከበኞቹ የባሕር ውኃ ማስገቢያዎቹን ከፈቱ፤ በዚያው ቀን 52 መርከቦች ሰመጡ። በኋላ ኧርነስት ኮክስ የተባለ ነጋዴ አብዛኞቹን እያነሳ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣቸው። ዛሬ ከታች የቀሩት ሰባት ትልልቆች ናቸው፤ ሦስት ከባድ የጦር መርከቦችና አራት ቀለል ያሉ ክሩዘሮች።

የመጀመሪያው ቀን ወደ «ካርልስሩኸ» ወረድን። ከአራቱ ክሩዘሮች ጥልቀቱ የሚያንሰው እሱ ነው፤ ያለ ችግር ወርጄ ወጣሁ። ብርዱ አፌን አደንዝዞት ከውኃ ስወጣ «አመሰግናለሁ» ማለት አቅቶኝ ሁሉም ሳቁብኝ። ሁለተኛው ቀን «ኮልን» ነበር። ርዝመቱ 155 ሜትር ይሆናል፤ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ ታችኛው ክፍሉ 35 ሜትር አካባቢ ነው። ውኃው 8 ዲግሪ ነበር። ገመድ ይዘን ወረድን። እስከ 15 ሜትር ድረስ ከአረንጓዴ ጨለማ በስተቀር ምንም አይታይም። ከዚያ ሳላስበው ከእግሬ ሥር ግድግዳ ተዘረጋ። መርከብ አይመስልም፤ አንድ ሰፈር የሚያህል ነገር ነው፤ ነጭና ብርቱካንማ የባሕር አበባ ለብሶ፣ መስኮቶቹ ወደ ሰማይ አንጋጠው። 24 ሜትር ላይ እጄን ዘርግቼ ልነካው ስል የምተነፍስበት ሬጉሌተር በድንገት ማጓራት ጀመረ። አየሩ መቆሚያ አጣ። ፊቴ በአረፋ ተሸፈነ፤ ላይና ታቹ ጠፋኝ። የአየር ግፊት መለኪያዬ ላይ 170 ባር የነበረው ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ 60 ገባ። መሪዬ ደርሶ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋ። በጎኔ ወዳሰርኳት ባለ 3 ሊትር መጠባበቂያ ዞርኩ። መሪው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየኝ፤ እንውጣ ማለቱ ነው። ከውኃው ገጽ ከወረድኩ ስድስት ደቂቃ ሆኖኝ ነበር።

ሌሎቹ ሁለት ጠላቂዎች ከ40 ደቂቃ በኋላ ወጥተው ስለ መድፎቹ ሲያወሩ እኔ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሾርባ እጠጣ ነበር። በማግስቱ አልወረድኩም።

የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ መጠባበቂያዬ ሙሉ ነበረች። አምስት ደቂቃ ብቆይ መድፉን አይ ነበር። ሲሊንደሩን የሞላልኝ ቤት እርጥበት ያለው አየር ሰጥቶኝ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ለመሆኑ ትክክል ነበርኩ? ወይስ ፈሪ ነኝ?


ሻይ በዝንጅብል (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 2፣ ከምሽቱ 2፡40

ሻሸመኔ ለሥራ ሄጄ ጠዋት 8 ዲግሪ ሲሆን እኔ ከብርድ ልብስ አልወጣም። አንተ ከፍለህ ትገባበታለህ። ፈሪነትህን አላውቅም፤ ሌላ ነገር ግን ጠርጥሬአለሁ።


ማሽን ክፍል (በጉዞ ላይ)፣ ሰኔ 2፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ የመርከብ ሰው ነኝ፤ ከሞተር ጋር ስለምውል ነገሩን ከሞተር ጎን ልየው።

በሲሊንደር ውስጥ በ200 ባር የታመቀ አየር ወደ አፍህ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይሰፋል። የሚሰፋ ጋዝ ደግሞ ይቀዘቅዛል። የኮካ ጋዝ ያየ ሰው፣ የፍሪጅ ጋዝ የሞላ ሰው ያውቀዋል። ባሕሩ 8 ዲግሪ ቢሆንም የሬጉሌተሩ ውስጠኛ ክፍል ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ውኃ አለ፤ ከውጭ የሚነካው የባሕር ውኃ ወይም የራስህ ትንፋሽ እርጥበት። ያ ይረጋና ቫልቩን እንደተከፈተ ይይዘዋል። የበለጠ አየር ሲፈስ የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ የበለጠ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ይፈስሳል። ራሱን በራሱ የሚያባብስ ብልሽት ነው።

አሁን ሦስት ጥያቄ። ከመግባትህ በፊት ጀልባው ላይ ሬጉሌተሩን ስትሞክር ስንት ጊዜ ተነፈስክበት? (በቀዝቃዛ ነፋስ ላይ የተነፈስከው እርጥበት ከመውረድህ በፊት ይረጋል።) ወደ ታች ስትወርድ ውኃ በማያስገባው ልብስህ ውስጥ አየር የሞላኸው በአጭር በአጭሩ ነው ወይስ ቁልፉን ተጭነህ ይዘህ? ሦስተኛውና ዋናው፦ ሬጉሌተሩ የማን ነው? የተከራየኸው ነው ወይስ ከጅቡቲ ጀምሮ የያዝከው? የራስህ ከሆነ አውጣውና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። አምፖል ይዘህ አንብብ፤ ጽሑፉ ጥቃቅን ነው።

እስከዚያ የሞላልህን ቤት አትክሰስ።


የምፅዋ ጨው (አዳማ)፣ ሰኔ 3፣ ከጠዋቱ 12፡50

የታቦር ልጅ፣ ደብዳቤህን ሌሊት አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ፤ በደስታ ነው። በዚህ አገር ስለ ሰመጠ መርከብ የሚጨነቅ ወጣት አለ ብዬ አላስብም ነበር።

እኔ የቀድሞው ባሕር ኃይል አባል ነኝ። ወጣትነቴን ምፅዋ ጨርሼ አሁን አዳማ ላይ የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ። ስለ ስካፓ ፍሎው ስታነሳ ምፅዋ ትዝ አለችኝ፤ ታሪኩ አንድ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ወደ ምፅዋ ሲገሠግሡ ኢጣሊያኖች ወደቡ እንዳይጠቅማቸው ብለው መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰጠሙ። የወደቡን አፍ ዘጉ፤ ተንሳፋፊውን የመርከብ መጠገኛ ሳይቀር በፈንጂ አሰመጡ። በማግስቱ ዓመት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል አሜሪካዊ መኮንን ጥቂት ጠላቂዎችና ጥቂት መሣሪያ ይዞ መጣ። ቀዳዳ እየደፈነ፣ ውስጡን አየር እየሞላ ያንን ግዙፍ መጠገኛ አንስቶ አንሳፈፈው። ምፅዋ ላይ የእርሱ ችግር ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነበር። የምፅዋን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ብረት በእጅ አይነካም የሚለውን ነገር ቀልድ ይመስለዋል።

እኔ ያገለገልኩባት «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከባችን ድሮ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ ነበረች፤ «ኦርካ» ይሏት ነበር። በ1962 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለእኛ ተሰጠች። በ1991 ከተረፉት ጋር ወደ የመን ተሻግራ በ1993 ለቁርጥራጭ ተሸጠች። ብትሰምጥ ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው ሄዶ ይጎበኛት ነበር። ይህን ከጉዳዩ ውጪ የተናገርኩት ነው፤ ሽማግሌ ይቅር ይባላል።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ጠላቂ ወደ ሥራው ሲወርድ መጠባበቂያውን ለሥራ አይቆጥርም። መጠባበቂያ የመውጫ ነው። ወደ መርከብ ሆድ የሚገባ ሰው አየሩን ለሦስት ይከፍላል፤ ሲሶው መግቢያ፣ ሲሶው መውጫ፣ ሲሶው ደለል ተነሥቶ መውጫው ሲጠፋበት። አንተ ገና ከበሩ ሳትደርስ ሁለቱን ሲሶ አጥተሃል። የመሪህን እጅ ሳምልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው ስካፓ ፍሎው ውስጥ «ሮያል ኦክ» የሚባል የእንግሊዝ መርከብ አለ፤ በሁለተኛው ጦርነት ኦክቶበር 1939 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ከ830 በላይ ሰዎች ይዞ ሰምጧል። እሱ መቃብር ነው፤ መጥለቅ አይፈቀድም። በየዓመቱ የራሳቸው ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ወርደው ባንዲራውን ይቀይሩለታል። እንዲህ ያለ አክብሮት ሳይ እቀናለሁ።


የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 3፣ ከምሽቱ 1፡20

ጋሼ የምፅዋ ጨው፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማሽን ክፍል፣ አምፖል ይዤ አነበብኩ። ሬጉሌተሩ የራሴ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው የገዛሁት። አፌ ላይ ካለው ክፍል ሳይሆን ከሲሊንደሩ ጋር በሚገጥመው ብረት ጎን፣ የ«ይበልጣል» ምልክት፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ የዲግሪ ምልክት። ከ10 ዲግሪ በላይ በሆነ ውኃ ብቻ ተጠቀም ማለት ነው። ሁለት ዓመት በእጄ ይዤው አላየሁትም። የጀልባው ኃላፊ «ለቀዝቃዛ ውኃ የሚሆን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አዎ» ብዬዋለሁ። ለምን አዎ እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ኪራይ ለመቆጠብ ነው።

ለሌሎቹ ጥያቄዎችህ፦ ጀልባው ላይ ደጋግሜ ተንፍሼበታለሁ፤ ልብሱንም ቁልፍ ተጭኜ ይዤ ነው የሞላሁት። ሦስቱንም ወድቄአለሁ። የሞላልኝን ቤት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አያነቡትም እንጂ።


ማሽን ክፍል (በጉዞ ላይ)፣ ሰኔ 3፣ ከምሽቱ 3፡30

«ካርልስሩኸ» ላይ ለምን አልረጋም ብለህ ከጠየቅህ፣ ዕድልህ ነው። መሣሪያ ዛሬ ስላልከዳ ነገም አይከዳም ማለት አይቻልም። ሬጉሌተሩን ግን አትጣለው፤ ለሙቅ ውኃ ጥሩ ዕቃ ነው።


ነጭ ጋውን (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 4፣ ከቀኑ 7፡10

ነርስ ነኝ፤ ጠልቄ አላውቅም፤ ሰውነት ግን ውኃ ውስጥም ሰውነት ነውና ልግባበት።

ውኃ ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ብርድ መጀመሪያ የሚነጥቀው ጣትን ነው። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ዘለበት መፍታት፣ ቁልፍ ማዞር ያቅተዋል፤ አደጋው የሚመጣው ደግሞ ልክ ቁልፍ ማዞር በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሲበርድ ትንፋሽ ይበዛል፤ ወደ 24 ሜትር ስትወርድ ደግሞ ግፊቱ ከላይኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትንፋሽ ሦስት ትንፋሽ ያህል አየር ይበላል። ከዚያ ወደ 30 ሜትር ሲጠጋ ናይትሮጅኑ እንደ መጠጥ አእምሮን ማፍዘዝ ይጀምራል። «አምስት ደቂቃ ብቆይ» የሚለውን ሐሳብ በጤነኛ አእምሮ ያሰብከው ነው? እኔ አይመስለኝም።


ተሳቢ (አዳማ)፣ ሰኔ 4፣ ከምሽቱ 12፡30

እኔ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነኝ። እህቴ ነጭ ጋውን ናይትሮጅን ስትል አንድ ነገር ልጠይቅ። ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል፤ እሱም ይጠልቃል። ባለፈው ጥር አርብ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ጠልቆ ማታውኑ በሰው መኪና ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት አዳማ ቤቴ ገባ። ክርኑንና ትከሻውን ያመው ነበር፤ ቆዳው ይበላው ነበር። ጉልበት ሥራ ነው ብለን በቅቤ አሸነው። በሁለተኛው ቀን ለቀቀው። ያ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል?


ነጭ ጋውን (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 4፣ ከምሽቱ 1፡45

ወንድሜ ተሳቢ፣ በጣም ይገናኛል። ወንድምህን ሳላየው ይህ ነው ብዬ አልደመድምም፤ ምልክቶቹ ግን የጠላቂዎች ሕመም ናቸው።

ጠላቂ ከታች ሲቆይ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ በሳንባው በኩል ይወገዳል፤ ሁሉም ግን በአንድ ቀን አይወጣም፤ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ የቀረው በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሆናል። ለዚህ ነው ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን አትሳፈሩ የሚባለው። አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆያል። የእኛ አገር ሰው ግን «አውሮፕላን» የሚለውን ይሰማና አውቶቡስ ይሳፈራል። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት የጅቡቲው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ለሰውነት በመኪና መውጣትና በአውሮፕላን መውጣት ልዩነት የለውም። አዲስ አበባማ ከአውሮፕላን ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያህል ነው። ከምፅዋ ወደ አስመራ የሚወጣ መንገድም እንዲሁ።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ከሆነ ቅቤው ይቅርና ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጥበት ጤና ተቋም በፍጥነት ውሰደው፤ «ትናንት ጠልቄ ነበር» ብሎ ከበሩ ጀምሮ ይናገር። ካልተናገረ የሚጠረጥር ላያገኝ ይችላል።


የምፅዋ ጨው (አዳማ)፣ ሰኔ 4፣ ከምሽቱ 2፡00

ልጄ፣ እኛ ከምፅዋ ወደ አስመራ ለእረፍት ስንወጣ ጉልበታችንን ያመን የነበረው የዳገቱ ብርድ ይመስለን ነበር። ስንት ዓመት ተሸውደናል።


አሞራ ገደል (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 6፣ ከጠዋቱ 2፡20

እኔ የምጽፈው ስለ ጀርመን መርከብ አይደለም። የሽርሽር ጀልባ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ማዕበል ላይ የሞተሩ መያዣ ብሎን ላልቶ ሞተሩ እንዳለ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ዕዳውን ገና አልጨረስኩም። እዚያው ድንጋይ በገመድ አስሬ ጣልኩና ከላይ ባዶ ጀሪካን አንሳፍፌ ምልክት አደረግሁ። ገመዱን ስለካ 7 ሜትር ነው። ዋናተኛ ልጆች ሞከሩ፤ ከታች እጅህን እንኳ አታይም ብለው ወጡ። የታቦር ልጅ፣ አንተ 24 ሜትር የወረድክ ሰው 7 ሜትር ምን አላት?


ሻይ በዝንጅብል (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 6፣ ከጠዋቱ 2፡35

እንግዲህ መጣልህ፤ «ኮልን» ሐዋሳ ላይ ሰምጧል።


የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 6፣ ከምሽቱ 1፡00

ወንድሜ አሞራ ገደል፣ አዝናለሁ፤ ልረዳህም እፈልጋለሁ። ግን 7 ሜትሯ ቀላል አይደለችም። በስካፓ ፍሎው 10 ሜትር አርቄ አይ ነበር፤ እዚህ ምንም አይታይም። መረብ አለ። ጉማሬ አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የመጥለቂያ ሠንጠረዥ ራሱ ይለያል፤ የእኛ 7 ሜትር በባሕር ከ8 ሜትር በላይ እንደወረዱ ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ ሲሊንደር የለኝም፤ ቢኖረኝም ሐዋሳ ላይ ለመተንፈሻ የሚሆን አየር የሚሞላልኝ አላውቅም። የጎማ ቤት ኮምፕረሰር ዘይት ይቀላቅላል፤ ሳንባ ያበላሻል።


ተሳቢ (አዳማ)፣ ሰኔ 6፣ ከምሽቱ 1፡25

ወንድሜ ሁለት ሲሊንደር አለው። ሐሙስ ጅቡቲ እገባለሁ።


ማሽን ክፍል (በጉዞ ላይ)፣ ሰኔ 6፣ ከምሽቱ 3፡15

ተሳቢ፣ ካመጣህ 180 ባር ላይ ያቁምልህ። በ25 ዲግሪ 200 ባር የተሞላ ሲሊንደር የአፋር ፀሐይ 50 ዲግሪ ሲያደርሰው ወደ 217 ይጠጋል። አስተኝተህ፣ ሽብልቅ ሰጥተህ፣ ቁልፉን ከምት ከልለህ እሰረው። የታቦር ልጅ፣ ውኃው እዚያ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ ያ ያስነወርከው ሬጉሌተር አሁን በትክክለኛ ቦታው ነው።


የምፅዋ ጨው (አዳማ)፣ ሰኔ 7፣ ከጠዋቱ 1፡10

ምንም በማይታይበት ውኃ ብቻውን የሚወርድ ሰው ያለ ገመድ አይወርድም። ወገብህ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ከላይ የሚይዘው ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም፤ አይጫወትም፤ ስልክ አያነሳም። አንድ ጊዜ መሳብ «ደህና ነህ?» ነው፤ መልሱም አንድ ነው። አራት ጊዜ «አውጣኝ» ነው። ያንን ገመድ የሚይዝ ሰው ሐዋሳ ላይ ከሌለ እኔ እመጣለሁ። ተሳቢ በሞጆ በኩል ሲያልፍ ይውሰደኝ። ጉልበቴ ደክሟል፤ እጄ ግን አልረሳም።


ነጭ ጋውን (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 7፣ ከቀኑ 6፡30

ማንም ያላነሳው ነገር ቢልሃርዝያ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት አትግቡ፤ ከጀልባ ላይ በቀጥታ ግባ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ምርመራ አድርግ። ኦክስጅን ይዤ ዳርቻው ላይ እገኛለሁ፤ ቅዳሜ ከሆነ ተረኛ አይደለሁም።


ተሳቢ (አዳማ)፣ ሰኔ 14፣ ከምሽቱ 4፡00

ሁለቱም ሲሊንደር አዳማ ገብተዋል። ኬላ ላይ ምን ያሳቀኝ መሰላችሁ። «ውስጡ ምንድን ነው?» አሉኝ። «አየር ነው» አልኩ። «ምን ዓይነት አየር?» «የሚተነፈስ፣ እንደዚህ እንደምንተነፍሰው።» ሰውየው አየኝ፤ ሰማዩን አየ፤ «እና ይህን ከጅቡቲ ታመጣለህ?» አለኝ። ወንድሜ የጻፈልኝን ወረቀት ባልይዝ እዚያው አድር ነበር።


የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 2፡30

ትናንት ቅዳሜ ወረድኩ። ለጠበቃችሁ እንደነበረው ልንገር።

ጉማሬዎቹ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል መሆናቸውን ዓሣ አጥማጆቹ ካረጋገጡልን በኋላ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ጀሪካኑ ሄድን። ጋሼ የምፅዋ ጨው የጀልባው ጫፍ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ገመዱን ያዙ። በመዳፋቸው ሳይሆን በጣታቸው ነው የሚይዙት፤ ዓሣ ሲነካካ እንደሚሰማ ሰው። ዳርቻው ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ አባ ኮዳዎቹም (ትልልቆቹ ወፎች) ተሰልፈዋል። ልብስ የሰበሰቡ ዳኞች ይመስላሉ።

በጀሪካኑ ገመድ ወረድኩ። ሁለት ሜትር ላይ ቡናማ፣ አራት ሜትር ላይ ጥቁር። ታች ስደርስ እግሬ አልቆመም፤ ደለሉ እንደ ገንፎ ነው፤ ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ። መብራቴን አበራሁ፤ ጭጋጉ ብቻ በራ፤ አጠፋሁት። ከዚያ ጋሼ እንዳስጠኑኝ ከድንጋዩ ሥር የሦስት ሜትር ገመድ አስሬ ጫፉን ይዤ በሆዴ እየተሳብኩ ዙሪያውን ዞርኩ። ምንም የለም። ወደ አምስት ሜትር አስረዘምኩት፤ አንድ ጎማ፣ አንድ ፕላስቲክ ወንበር። ስምንት ሜትር ላይ እጄ መረብ ነካ። የመጀመሪያው ሐሳቤ መጎተት ነበር። ቆምኩ። መቀሱን ከክንዴ አወጣሁ። በጨለማ ውስጥ መረብ ስትቆርጥ የምትሰማው የራስህን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሬጉሌተሩ አንድም ጊዜ አላጓራም። ከላይ ገመዱ አንዴ ተሳበ፤ አንዴ መለስኩ። ከመረቡ ሥር ለስላሳ ያልሆነ ነገር ነካሁ። ሦስት ክንፍ። የሞተሩ መቅዘፊያ ነው፤ መረቡን ያጠመደው እሱ ነው፤ ወይም መረቡ እሱን።

ማንሻውን ገመድ በሞተሩ አንገት ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩ። ሥሩ ሆኜ እንዳይጎተትብኝ ራቅ አልኩና አራት ጊዜ ሳብኩ፤ መጀመሪያ እኔ ወጣሁ፤ ከዚያ አራት ሰው ሞተሩን ሳበ። በጠቅላላው 31 ደቂቃ። 95 ባር ይዤ ነው የወጣሁት፤ ሁለተኛው ሲሊንደር አልተነካም።


ማሽን ክፍል (በጉዞ ላይ)፣ ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 2፡50

እንኳን ደስ ያላችሁ። አሞራ ገደል፣ ይህን አሁኑኑ አንብብ፦ ሞተሩን ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው። ብረቱን የሚበላው አየሩ ነው፤ መካኒክ እስኪመጣ በንጹሕ ውኃ በርሜል ውስጥ ይቆይ። ስዊድኖች በ1628 የሰመጠችውን «ቫሳ» በ1961 ሲያነሷት 17 ዓመት ሙሉ ፈሳሽ ሲረጩባት የኖሩት ወድደው አይደለም፤ እንጨትም ቢሆን ከውኃ ሲወጣ ዝም ብለው ካደረቁት ይሰነጠቃል። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥተህ፣ ገልብጠህ ውኃውን አፍስስ፤ ካርቡሬተሩ ይፈታ፤ የሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ ዘይት አድርግና በእጅህ አዙር። በእጅ ሳይዞር የማስነሻ ገመዱን እንዳትስብ።


አሞራ ገደል (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 3፡05

ፀሐይ ላይ ነበር። አሁን በርሜል ውስጥ ነው።


የምፅዋ ጨው (አዳማ)፣ ሰኔ 23፣ ከጠዋቱ 1፡00

አዳማ በሰላም ገብቻለሁ። የታቦር ልጅ፣ መረቡ ጋ ስትቆም ገመዱ ላይ ተሰምቶኛል። ለረጅም ጊዜ ቆመሃል። ያኔ ነው አንዴ የሳብኩት።


አሞራ ገደል (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 27፣ ከቀኑ 10፡40

ዛሬ ተነሣ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ደህና ድምፅ። የታቦር ልጅ ገንዘብ አልወስድም ስላለኝ ለእሱና ለነጭ ጋውን እሑድ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በእኔ ነው። ጋሼና ተሳቢም በመጡ ጊዜ።


ሻይ በዝንጅብል (ሐዋሳ)፣ ሰኔ 27፣ ከቀኑ 10፡55

እኔስ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚህ ነኝ።


ተሳቢ (አዳማ)፣ ሰኔ 27፣ ከምሽቱ 1፡10

ማክሰኞ ወደ ጅቡቲ እወርዳለሁ፤ ሲሊንደሮቹን እመልሳለሁ። አንደኛው ግማሽ ሆኗል። ያ ሰውዬ ኬላው ላይ ካለ «ቀሪውን የት አደረስከው?» ማለቱ አይቀርም።